በውጭ አገር ኩባንያ ለማቆም የሚወጣው ሙሉ ገንዘብ



ይህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ቤት ገቢና ወጪ ሲናገር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው የወር ቀለብን፣ የልጆችን ትምህርትና ድግስን ነው። ዛሬ ግን በብዙ ቤት ምክር የሚያስቀምጥ ዐዲስ ወጪ ስለ መጣ፣ ስለ እርሱ ጥቂት ልንል ወደድን። ይኸውም ልጆቻችን በውጭ አገር ኩባንያ ለማቆም ሲነሡ ከቤተ ሰቡ የሚጠይቁት ገንዘብ ነው።

ለምሳሌ በደቡብ አዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በመካኒሳ አቦ የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ እንውሰድ። አባትና እናት በብዙ ድካም አንድ ቤት ሠርተዋል፤ ወር በገባ በ5 ቀን የአቦን ጽዋ ይጠጣሉ፤ ዕድርና ዕቁብም አላቸው። ልጃቸው ከቤቱ ሳይወጣ በኮምፒውተርና በኢንተርኔት ለውጭ አገር ሰዎች ይሠራል። አሠሪዎቹ ዋጋውን የሚከፍሉት በአገራቸው ለተመዘገበ ኩባንያ ሲሆን የሚቀላቸው ስለሆነ፣ ልጁ በአሜሪካ በደላዌር ግዛት ኩባንያ ላቁም ይላል። ዋጋው ስንት ነው ቢሉት፣ «መመዝገቢያው 100 ዶላር ያህል ነው» ብሎ ይመልሳል። የተናገረው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉው እውነት አይደለም።

ድግስ የሚደግስ ሰው የበሬውን ዋጋ ብቻ ቈጥሮ ድግሱን ቈረጥሁ አይልም። እንጨቱ፣ ውሃው፣ ዳሱ፣ የወጥ ቤቷ ዋጋ፣ ከሠርጉም በኋላ መልሱና ቅልቅሉ አለ። እንዲሁም የመሥሪያ ቤት በጀት የሚያዘጋጅ ሹም፣ የሕንፃውን ዋጋ ጽፎ የሠራተኛውን ደመወዝ ቢተው፣ ወረቀቱ ተመልሶ ይመጣበታል። በውጭ አገር የሚቆም ኩባንያም እንደዚሁ ነው፤ የመመዝገቢያው ገንዘብ የበሬው ዋጋ ብቻ ነው።

በደላዌር ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ ያቆመ ሰው፣ ቢያተርፍም ባያተርፍም በየዓመቱ 300 ዶላር ለግዛቱ ይከፍላል። የመክፈያው ቀን በፈረንጅ አቈጣጠር ጁን 1፣ በእኛ ግንቦት 24 ቀን ነው። ቀኑ ያለፈበት ሰው 200 ዶላር መቀጫና በየወሩ ከመቶ አንድ ተኩል ወለድ ይጨመርበታል። ደግሞም በግዛቱ ተቀምጦ የመንግሥትን ደብዳቤ የሚቀበል ወኪል ማቆም ግዴታ ነው፤ ወኪሉም በየዓመቱ ዋጋውን ይጠይቃል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ብዙዎች የማያስቡት ነገር ነው። የኩባንያው ብቸኛ ባለቤት የውጭ አገር ሰው እንደሆነ፣ በእርሱና በኩባንያው መካከል የተላለፈውን ገንዘብ ቈጥሮ፣ ቁጥር 5472 በሚባለው ቅጽ ለአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ማስታወቅ አለበት። ባለቤቱ ለመነሻ ያስገባው ገንዘብ እንኳ ከዚህ ይቈጠራል። ይህን ያላደረገ ሰው መቀጫው 25,000 ዶላር ነው። በ100 ዶላር የተጀመረ ነገር በአንድ ቅጽ ምክንያት የአንድ ቤተ ሰብ ጥሪት ሊያጠፋ እንደሚችል ከዚህ ይታያል። ስለዚህ የሒሳብ ዐዋቂ ዋጋ እንደ ትርፍ ወጪ ሳይሆን እንደ ግዴታ ይጻፍ።

አሁን ለምሳሌ ያህል እናስላ። መመዝገቢያው 100፣ ወኪሉ በዓመት 100፣ የግዛቱ ግብር 300፣ የሒሳብ ዐዋቂው 500 ዶላር ቢሆን፣ የሁለት ዓመቱ ወጪ 1,900 ዶላር ይሆናል። የወኪሉና የሒሳብ ዐዋቂው ዋጋ እንደ ሰውና እንደ ሥራው ይለያያል፤ የነገሩ መጠን ግን ከዚህ ይታወቃል።

ወጪው የሚከፈለው በዶላር፣ የቤተ ሰቡ ገቢ ግን በብር ስለሆነ፣ ሌላ ጥንቃቄ ያሻል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ከዚያም ወዲህ እየጨመረ ሄደ። ስለዚህ 109,250 ብር ይበቃል ተብሎ የተያዘው 1,900 ዶላር፣ በ100 ብር ሒሳብ 190,000 ብር ሆነ ማለት ነው። በጀቱ በዶላር ይጻፍ፤ ለምንዛሪውም መጠባበቂያ ይያዝለት። ገንዘብ ከአገር የሚወጣው በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሥርዓት ስለሆነ፣ አስቀድሞ ባንክን መጠየቅ ይገባል።

የአገራችንም ግብር አይረሳ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት፣ የኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው ከውጭ አገር በሚያገኘው ገቢም ግብር ይጠየቃል። በሌላ አገር የሚጀምርም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ ዱባይን የመረጠ እንደሆነ፣ በዚያም ፈቃዱ በየጊዜው ይታደሳል፣ ከ375,000 ድርሃም በላይ በሆነ ትርፍም ላይ ከመቶ 9 ግብር አለ።

እንግዲህ ወላጆች ልጁን ከሐሳቡ ይከልክሉት አንልም። በራሱ ጥረት ሠርቶ ማደር የሚፈልግ ልጅ የቤቱ ክብር ነው። ነገር ግን ገንዘብ ከመስጠታቸው በፊት ደብተር ያስይዙትና አራት ነገር ያጽፉት። አንደኛ፣ ለመጀመር የሚወጣውን፤ ሁለተኛ፣ በየዓመቱ የሚመለሰውን፤ ሦስተኛ፣ ገቢ እስኪገኝ የሚኖርበትን ቀለብ፤ አራተኛ፣ ኩባንያውን በሥርዓት ለመዝጋት የሚያስፈልገውን። ሥራው ስላልሆነለት ብቻ ኩባንያውን ዝም ብሎ የተወ ሰው ዕዳው አይቆምለትምና።

ከዚያም በላይ ወላጆች የሚሰጡትን ገንዘብ ወሰን አስቀድመው ይቍረጡ፤ ወሰኑንም ለሌሎቹ ልጆች ይንገሩ። ለታናሽ እኅቱ ትምህርት የተቀመጠው ገንዘብ አይነካ፤ የሚኖሩበትም ቤት መያዣ አይሁን። ኩባንያ ቢፈርስ ሌላ ሊቆም ይችላል፤ በዕድሜ መጨረሻ የተሸጠ ቤት ግን ተመልሶ አይገዛም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው እንዳይሆን፣ መጥኖ የጀመረ ልጅ ራሱን ያስመሰግናል፤ ወላጆቹንም በቤታቸው ያኖራል።