ጥንቃቄ ብቻውን የማይዘጋው በር

በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለዓመታት ሲሰጥ የኖረው የኢንተርኔት ደኅንነት ምክር «ተጠንቀቁ» በሚል አንድ ቃል ይጠቃለላል። ምክሩ መሠረት ነበረው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ይፋ እንዳደረገው፣ በአሜሪካና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች የአዶቢ ፍላሽ ማሻሻያ የሚመስል የስለላ ሶፍትዌር በኢሜይል ተልኮላቸው ነበር። ወጥመዱ እንዲሠራ ግን ተጠቂው ራሱ ፋይሉን መጫን ነበረበት።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 የታየው አደጋ ከዚህ የተለየ ነው። አፕልና ይኸው ሲቲዝን ላብ ለጉግል ያመለከቱት ጉድለት፣ ዌብፒ የተባሉትን ምስሎች በሚከፍተው ሊብዌብፒ ውስጥ ተገኘ። በተንኮል የተዘጋጀ ምስል ብራውዘሩ ከተመደበለት የሜሞሪ ወሰን አልፎ እንዲጽፍ ያደርገዋል፤ አጥቂውም በዚያ በኩል የራሱን ትእዛዝ ሊያስገባ ይችላል። ክሮምም ፋየርፎክስም ይህንኑ ኮድ ይጠቀሙ ነበር። ለመጋለጥ ምስሉ ያለበትን ገጽ መክፈት ብቻ ይበቃል፤ ጥንቁቁና ዝንጉው እኩል ሆኑ።

ይህ ነጠላ አጋጣሚ አይደለም። የክሮሚየም መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2020 እንደገለጹት፣ ከከባድ የደኅንነት ስህተቶቻቸው 70 በመቶ ያህሉ ከሜሞሪ አያያዝ የሚመነጩ ናቸው። ምክንያቱ ሲ እና ሲ ፕላስ ፕላስ የተባሉት ቋንቋዎች ወሰኑን የመጠበቁን ሥራ ለጸሐፊው መተዋቸው ነው። ረስትን የመሰሉ ቋንቋዎች ግን ወሰኑን ራሳቸው ያስከብራሉ።

የቆየውን ኮድ ሁሉ እንደገና መጻፍ ውድ ነው የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው። ሆኖም የአንድሮይድ ልምድ አዲሱን ኮድ ብቻ መለወጥ እንኳ ብዙ እንደሚያተርፍ ያሳያል፤ የዚህ ዓይነት ክፍተቶች ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2019 ከነበረበት 76 በመቶ በ2024 ወደ 24 በመቶ ወርዷል።

የጎደለው ሕጋዊ ግዴታ ነው። በኮሎምበስ አቅራቢያ በፒከሪንግተን ንግድ ያለው ኢትዮጵያዊ የደንበኞቹን መረጃ በታወቀ የደኅንነት መመዘኛ ከጠበቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኦሃዮ የመረጃ ጥበቃ ሕግ መረጃው ተሰርቆ ሲከሰስ መከላከያ ይሰጠዋል። ብራውዘሩ እንዴት እንደተሠራ ግን ሕጉ አይጠይቅም። ዋይት ሐውስ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ያወጣው ሪፖርት አምራቾችን ከመምከር አላለፈም። በአንጻሩ የአውሮፓ ኅብረት በዚያው ዓመት ያጸደቀው ሕግ ግዴታውን በአምራቹ ላይ ጥሏል፤ ዋና ድንጋጌዎቹም በዲሴምበር 2027 ይጸናሉ።

ኦሃዮ ያን ያህል መጠበቅ አያስፈልጋትም። የክልሉ መንግሥት ሶፍትዌር ሲገዛ አምራቹን የሜሞሪ ደኅንነት ዕቅድ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄውን ለተወካዮቻቸው ማቅረብ ከሚገባቸው መካከል፣ ስለላ ምን እንደሚያስከትል በገዛ ወገኖቻቸው ያዩት የኦሃዮ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል።