የኮምፒውተር ስም ለውጥና የመጠባበቂያ ቅጂ ደኅንነት

በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች የኮምፒውተርን ስም መለወጥ እንደ ቀላል የአስተዳደር ሥራ ይታያል። ክፍል ሲዛወር፣ ተመራማሪ ሲለዋወጥ ወይም የንብረት መዝገብ ሲስተካከል ስሙ ይቀየራል፤ ሥራውም ይቀጥላል። ይሁን እንጂ የስም ለውጥ የመጠባበቂያ ቅጂን (ባክአፕን) ታሪክ ሊከፍል ወይም ሊያደባልቅ ስለሚችል፣ የምርምር መረጃ ጥበቃ አካል ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል።

ለዚህ ምንጩ ክፍት የሆነው ሬስቲክ የተባለ ሶፍትዌር ጥሩ ማሳያ ነው። ሬስቲክ እያንዳንዱን ቅጂ ሲመዘግብ የተወሰደበትን ጊዜ፣ የአቃፊዎቹን መገኛና የኮምፒውተሩን ስም ያሰፍራል። አዲስ ቅጂ ሲጀምርም በስምና በመገኛ የሚመሳሰለውን የቅርብ ቅጂ ፈልጎ ያልተለወጡ ፋይሎችን ያልፋል። ስሙ ከተቀየረ ቀዳሚ ቅጂ ስለማያገኝ ሁሉንም ፋይል እንደ አዲስ ያነባል። ተጠቃሚው የሚያስተውለው መዘግየቱን ብቻ ነው፤ ተመሳሳይ ይዘት ዳግም ስለማይከማች የተያዘው ቦታ ብዙም አይጨምርም፤ የስሕተት መልእክትም አይወጣም።

ይበልጥ የሚያሳስበው የማቆያ ደንቡ ነው። ሬስቲክ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው አሮጌ ቅጂዎችን የሚቀንሰው በኮምፒውተር ስምና በአቃፊ መገኛ ከመደባቸው በኋላ ነው። «የመጨረሻዎቹ 10 ቅጂዎች ይቆዩ» የሚል ደንብ ካለ፣ በአሮጌው ስም 10 በአዲሱም 10 ይቆያሉ። ይህ ጉዳቱ ቀላል ነው። አሮጌው ስም ለሌላ ኮምፒውተር ሲሰጥ ግን፣ ሁለቱ ማሽኖች አንድ ማከማቻና ተመሳሳይ የአቃፊ መገኛ የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ቅጂዎቻቸው በአንድ ምድብ ይጠቃለላሉ። የአዲሱ ማሽን ቅጂዎች 10 ሲሞሉ የቀድሞዎቹ በሙሉ ይሰረዛሉ፤ በቀጣዩ ጽዳትም ሌላ ቅጂ የማይጋራው ይዘት ከማከማቻው ይወገዳል። ከማሽኑ ላይ አስቀድሞ የጠፋና በአሮጌ ቅጂዎች ብቻ የቀረ የአንድ ተመራቂ የመስክ መረጃ በዚህ መንገድ ሊጠፋ ይችላል። ሶፍትዌሩ ግን የታዘዘውን በትክክል ስለፈጸመ ማንንም አያስጠነቅቅም።

ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ነው፤ ኮምፒውተርን በስሙ ሳይሆን በማይለወጥ የሃርድዌር መለያ ሊያውቅ ይገባ ነበር የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ አይደለም። ማሽኑ ተበላሽቶ በሌላ ሲተካ የሃርድዌሩ መለያም ይለወጣል፤ የቅጂው ታሪክ ግን መቀጠል አለበት። ስለዚህ የትኛው ቅጂ የማን ሥራ ቀጣይ እንደሆነ የሚወስነው መረጃውን የሚያስተዳድረው ሰው ነው።

ከዚህ በመነሣት የትምህርት ክፍሎች ሦስት ነገሮችን በአሠራራቸው ቢያካትቱ ተገቢ ነው። አንደኛ፣ ለቅጂው ከኔትወርክ ስም ጋር የማይቀያየር ቋሚ መጠሪያ መስጠት፤ ሬስቲክ «ሆስት» በተባለው አማራጩ ይህን ይፈቅዳል። ሁለተኛ፣ በአንድ ማከማቻ ውስጥ ያገለገለን ስም ለሌላ ማሽን አለመስጠት። ሦስተኛ፣ ስም ከመለወጡ በፊት የማቆያ ደንቡን ማገድና የነባር ቅጂዎችን ዝርዝር መያዝ፤ ከለውጡ በኋላም ከቀድሞዎቹ ቅጂዎች ቢያንስ አንድ ፋይል መልሶ አውጥቶ ይዘቱን ማረጋገጥ። ደንቡ ወደ ሥራ መመለስ ያለበት ይህ ማረጋገጫ ከተገኘ በኋላ ብቻ ነው።