ረዳት መድኃኒትና የካርቱም ሕፃናት

የኩላሊት ደዌ ያደረባቸው የካርቱም ሕፃናት ጉዳይ ከጦርነቱ ወሬ ብዛት የተነሣ ተሸፍኖ የቀረ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ጥቂት ልንናገርበት ወደድን።

ሐኪሞች ኔፍሮቲክ ሲንድሮም የሚሉት ይህ ደዌ፥ ኩላሊት እንደ ወንፊት አጣርቶ ማስቀረት የሚገባውን የደም ፕሮቲን ከሽንት ጋር ሲያፈስ የሚመጣ ነው። ሕፃኑ ጧት ጧት ዐይኑ ሥር ያብጣል፤ ቆይቶም እብጠቱ ወደ ሆዱና ወደ እግሩ ይወርዳል። የመጀመሪያው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን ነው። ርካሽ ነው፤ ከታመሙትም የሚበዙት በአራት ሳምንት ውስጥ ይሻላቸዋል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ኪኒኑ ሲቀነስላቸው ወይም ጕንፋን ሲይዛቸው ሕመሙ ደጋግሞ ይመለስባቸዋል። ሲመለስም ፕሬድኒሶሎን እየተጨመረለት የኖረ ልጅ ፊቱ ይነፋል፥ ቁመቱ ይቀራል፥ አጥንቱ ይሳሳል፥ ዐይኑንም ሞራ ሊጋርደው ይችላል።

ሐኪሞች በላዩ ሌላ መድኃኒት የሚደርቡት ስለዚህ ነው። ይህ በጽሕፈት ቤት ወረቀት ላይ «ተጨማሪ» ተብሎ ሲተረጐም እናያለን፤ እኛ ግን «ረዳት» ቢባል እንመርጣለን፤ ተጨማሪ የተባለ ነገር ገንዘብ ሲያጥር ከዝርዝሩ ቀድሞ ይሰረዛልና። ከረዳቶቹ አንዱ ሌቫሚሶል፥ ለሰውም ለከብትም የትል መድኃኒት ሆኖ የታወቀ ኪኒን ነው። በእንግሊዝ አገር በ61 ሕፃናት ላይ ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው ውጤት፥ ፕሬድኒሶሎን ቀርቶላቸው እስከ 112ኛው ቀን ሕመሙ ሳይመለስባቸው የቆዩት ሌቫሚሶል ከወሰዱት 14፥ ማስመሰያ ኪኒን ከወሰዱት ግን 4 ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን እየታለፈ ይዋጣል፤ ማቀዝቀዣ አይሻም። ነጭ የደም ሕዋሳትን ሊያጐድል ስለሚችል ግን ደም በየጊዜው መመርመር አለበት። ሪቱክሲማብ የተባለው ይበልጥ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ውድ ነው፥ በደም ሥር ይሰጣል፥ በቅዝቃዜ ካልተቀመጠም ይበላሻል።

ለካርቱም ይህ ሁሉ እንግዳ አልነበረም። የሶባ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሕፃናት ኩላሊት ሐኪሞች ከኩላሊት ናሙና እየወሰዱ የሱዳን ሕፃናትን ደዌ መርምረው ጽፈዋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ግን ከከተማው ሆስፒታሎች የሚበዙት ሥራ አቆሙ፤ ወደ ዋድ መዳኒ የሸሸውም ሕዝብ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ዳግመኛ ተሰደደ። ሠራዊቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ካርቱምን መልሶ ከያዘ ወዲህ ብዙ ሰው ወደ ቤቱ ተመልሷል። በዚህ ሁሉ መንከራተት መድኃኒቱ የተቋረጠበት ልጅ የሚያገኘው እብጠት ብቻ አይደለም። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማመንጨት ስለሚተው፥ በድንገት ማቋረጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

ስለዚህ ወደ ካርቱም፥ በመተማ በኩልም ወደ ኢትዮጵያ ለገቡት ስደተኞች የሚላከውን መድኃኒት ዝርዝር የሚያዘጋጁ ሹማምንት፥ ፕሬድኒሶሎንንና ሌቫሚሶልን አጠገብ ላጠገብ እንዲጽፉ፥ የደም መመርመሪያውንም እንዳይረሱ እንጠይቃለን። ሪቱክሲማብ ለጊዜው ቢቆይ አንከራከርም። ለእናቶችም የልጁ ክብደት፥ የመድኃኒቱ ስምና መጠን በዐረብኛና በአማርኛ የተጻፈበት ወረቀት ይሰጣቸው፤ ይህን ለመተርጐም አንድ ሰዓት አይፈጅም።