የዘጠኝ ጭራዋ ቀበሮና የሰነቴው ቀይ ቀበሮ

በከተሞቻችን አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ማን እንዳረቀቀው፣ በየትኛው ነጋሪት ጋዜጣ እንደወጣ አይታወቅም፤ ዳኞቹ ግን ስፍር ቁጥር የላቸውም። በየቡና ቤቱ፣ በየቢሮው፣ በየታክሲው ተሰይመው ይፈርዳሉ። በሕጉ መሠረት የቱርክ ተከታታይ ድራማ የሚያይ ሰው ሥራ ፈት ነው። የኮሪያ ድራማ የሚያይ ገና ልጅ ነው። የቻይና፣ ያውም አማልክት በደመና እየጋለቡ የሚፋቀሩበትን ድራማ የሚያይ ጎልማሳ ከተገኘ ግን ክስ እንኳ አይመሠረትበትም፤ “እግዜር ይማረው” ተብሎ ይታለፋል።

እኔ እንግዲህ ምሕረት ከተለመነላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ምሕረቱን አልፈልግም። የምፈልገው ክርክር ነው።

ከክርክሩ በፊት አቋሜ ይታወቅ። እኔ የዚህ ዓይነቱ ድራማ ወዳጅ አልነበርሁም፤ ዛሬም አይደለሁም። ቻይናውያን “ሺያንሺያ” የሚሉት ይህ ዘርፍ፣ ፍጡር በተጋድሎ ብዛት ከሞት በላይ የሚሆንበትን፣ አማልክትና አጋንንት የሚፋለሙበትን ዓለም ይተርካል። አብዛኛው አሰልቺ ነው። መቶ ሺህ ዓመት ኖርሁ የሚለው አምላክ እንደ አሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ያኮርፋል። ጦርነቱ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን መወራወር ነው። ደራሲው ነገሩ በተወሳሰበበት ቁጥር አንድ አዲስ አስማት ወይም አንድ አዲስ መድኃኒት ያመጣል፤ የሞተውም ይነሣል። ሞት እንዲህ ርካሽ በሆነበት ቦታ ደግሞ ፍቅርም ውድ ሊሆን አይችልም። ይህን ሁሉ ዛሬም እላለሁ።

ይሁንና አንድ ዘርፍ መናኛ ሥራ ስለበዛበት፣ በውስጡ የተገኘው ደኅና ሥራ መናኛ አይሆንም። እኔ የምኖረው ሮቤ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነችው የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት አንዱን ድራማ በፍላሽ ጭና አመጣችና፣ “ጋሼ፣ አሥር ክፍል ብቻ ታገስ፤ ከዚያ ካልወደድኸው አጥፋው” አለችኝ። ታገሥሁ። 58ቱንም ክፍል ጨረስሁ።

ድራማው በእንግሊዝኛ “ኢተርናል ላቭ” ይባላል። የቻይንኛው ርእስ ረዘም ይላል፤ “ሦስት ሕይወት፣ ሦስት ዓለም፣ አሥር ሊ የኮክ አበባ” እንደማለት ነው። ሊ የቻይናውያን የርቀት መለኪያ ነው። ታንግ ቺ የተባለች ደራሲ ከጻፈችው ልብ ወለድ የተወሰደ ሲሆን፣ በአገሩ ቴሌቪዥን የታየው እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ ነው።

ባለታሪኳ ባይ ቺየን ትባላለች፤ ዘጠኝ ጭራ ያላት ነጭ ቀበሮ፣ የቀበሮዎች ንጉሥ ልጅ ናት። የወንድ ልብስ ለብሳ ከጦርነት አምላክ ዘንድ ለትምህርት ትገባለች። መምህሯ በጦርነት ሲወድቅ ሥጋው እንዳይፈርስ በልቧ ደም እየመገበች 70,000 ዓመት ትጠብቀዋለች። ኋላ አንድ ብርቱ ጠላት ኃይሏንና ትዝታዋን ያሳጣትና እንደ ማንኛውም ሰው ሟች ሴት ሆና ትቀራለች። ስሟም ሱሱ ይባላል፤ ነገሩ ሱስ የሚሆነው እንግዲህ ከስሟ ጀምሮ ነው። ሱሱ ማንነቱን በወጉ የማታውቀውን ሰው ታገባለች። ሰውዬው ዬ ኋ የሚባል የሰማዩ ዙፋን ወራሽ ኖሯል፤ ወደ ሰማይ ቤተ መንግሥትም ይወስዳታል።

ድራማው ያሸነፈኝ እዚህ ላይ ነው። ያ ሰማይ የተባለው ቦታ ደመናው ቢገለጥለት አንድ ትልቅ የባላባት ቤት ነው። ሱሱ ወገን የሌላት፣ ማዕረግ የሌላት፣ ቃሏ የማይሰማ ምራት ናት። ባሏ ይወዳታል፤ ነገር ግን መውደዱ ከታወቀ ጠላት ይበዛባታል ብሎ እንዳልወደዳት ይሆናል። ሱ ጂን የተባለች የቤተ መንግሥት ሴት ከሰገነት ገፍታ ጣለችኝ፣ ዓይኔንም አጠፋችው ብላ በሐሰት ትከሳታለች። የሰማዩ ጌታ ፍርድ ዓይን ስለ ዓይን ነው። የሱሱን ዓይን የሚያወጣው ሌላ ማንም አይደለም፤ ሕይወቷን የሚያተርፍበት ሌላ መንገድ ያጣው የገዛ ባሏ ነው። ታውራ ትወልዳለች፤ ከወለደችም በኋላ ከዚያው ሰገነት ራሷን ትወረውራለች።

ይህን ታሪክ ጎባ፣ ከዘመዶቼ ቤት፣ ቡና ላይ አወራሁት። በዙሪያው ከተቀመጡት መካከል ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ አማርኛ የሚቀናውም ኦሮምኛ የሚቀናውም ነበረበት። “ሰው በደመና ላይ እንዴት ይቆማል?” ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት ግን ስኒያቸውን እንደያዙ፣ “ዓይኗስ? ተመለሰላት ወይ?” አሉኝ። “ተመለሰላት እማማ፤ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ማንነቷን ስታስታውስ ራሷ ሄዳ አስመለሰችው” አልኋቸው። “እሰይ!” ብለው ቡናቸውን ፉት አሉ።

እኚህ እናት የቻይና አፈ ታሪክ አያውቁም። ምራት ሆኖ በሰው ቤት መኖርን ግን ያውቃሉ። በደሉን ያወቁት በዚያ ነው። ተአምር በልብ ወለድ ውስጥ የሚገባውም ለዚህ ነው እንጂ ሰውን ከእውነት ለማሸሽ ብቻ አይደለም። በተራው ኑሮ ምራቲቱ ስትበደል የሚታይ ቁስል የለም፤ ጎረቤት “ምን ጎደላት?” ይላል። ድራማው ግን የተወሰደባትን ነገር ዓይን አድርጎ በሁሉም ፊት ያወጣዋል፤ ከዚያ ወዲያ ምን ጎደላት የሚል አይኖርም። 70,000 ዓመት የተባለውም የቀን መቁጠሪያ አይደለም። የሚወደውን ሰው ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ ያስታመመ ሁሉ ቁጥሩ ልክ መሆኑን ያውቃል።

አሁን ወደ ከሳሾቹ ልሂድ። ዋናው ክስ “ነገሩ ባዕድ ነው፤ ባህላችንን ያጠፋል” የሚል ነው። ክሱ አዲስ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ሲጀምር የአገር ውስጥ የቴያትርና የፊልም ባለሙያዎች ተቃውሞ አሰምተው ነበር። ከተቃውሞው ግማሹ የእንጀራ ጥያቄ ነበር፤ ለዚህኛው ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ተሠርቶ ያለቀን ድራማ ድምፁን ለውጦ ማሳየት አዲስ ከመሥራት ይረክሳልና፣ የአገሬው ተዋናይና ጸሐፊ ቢሠጋ የሚፈረድበት አይደለም። ሁለተኛውን ግማሽ፣ ማለትም የባህል ጥፋት የሚባለውን ግን አልቀበልም።

በመጀመሪያ ነገር፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ባህላችንን አጠፋ ተብሎ ሲከሰስ ሰምቼ አላውቅም። ያላየው፣ ያልረገጠው አገር ቡድን ሲሸነፍ እራቱን የማይበላ ጎልማሳ በሮቤ ሞልቷል፤ በማግሥቱም ስለ ሽንፈቱ በሙሉ ክብር ይነጋገራል። ክሱ የሚነሣው እናቶችና ልጃገረዶች የሚወዱት ነገር ሲመጣ ነው። እንዲህ ከሆነ ጉዳዩ የባህል ጥበቃ መሆኑ ቀርቶ ማን ይደሰት፣ ማን አይደሰት የሚል የፈቃድ አሰጣጥ ሊሆን ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ለመሆኑ ተአምርና ድንቅ ነገር ለእኛ ባዕድ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? እምነትን ከልብ ወለድ ጋር አንድ ማድረጌ አይደለም፤ ምናባችን በምን እንዳደገ መናገሬ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትን በስድስት ክንፋቸው፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በአንበሶቻቸውና በነብሮቻቸው መካከል ሥሎ ያኖረ ሕዝብ ነው። በግእዝ “ዜና እስክንድርን” አንብቦ፣ የሕይወትን ውኃ ፍለጋ እስከ ጨለማ ምድር የተጓዘ ሕዝብ ነው።

ወደ ዘመናዊው ድርሰትም እንምጣ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት “ልብ ወለድ ታሪክ”፣ ብዙዎቻችን “ጦቢያ” የምንለው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መሆኑ በትምህርት ቤት ሲነገረን ኖሯል። በውስጡ ያለውን ግን ረስተነዋል። ጦቢያ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለብሳ ትወጣለች፤ ወንድ መስላትም ሌላ ሴት ትወዳታለች፤ መጨረሻው ሠርግ ነው። ባይ ቺየንም የወንድ ልብስ ለብሳ ነው ታሪኳን የምትጀምረው። የአማርኛ ልብ ወለድ አባት ይህን ሲያደርጉ ፈር ቀዳጅ፣ ቻይናዊቷ ደራሲ ስታደርገው ግን ባህል አጥፊ የሚሆኑበት ሚዛን ምን ዓይነት ሚዛን ነው?

ከባሌም ሳንወጣ እንነጋገር። ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን በየዓመቱ የሚጓዘው ምእመን፣ ጫፉ እንደ ባላ የተከፈለ በትር ይዞ፣ የሼኩን ድንቅ ሥራ በኦሮምኛ እያዜመ ነው የሚደርሰው። ተአምራታቸው በዓረብኛ ተጽፎ ካይሮ ላይ ታትሟል። ከሮቤ በስተምሥራቅ ወይብ ወንዝ ድንጋዩን ቦርቡሮ የሚገባበት የሶፍ ዑመር ዋሻ አለ፤ ተለክቶ የተገኘው መተላለፊያው ብቻ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሼክ ሶፍ ዑመር ከተከታዮቻቸው ጋር የሰገዱበት ነው እየተባለ ይነገራል። ዓምዶቹን ያየ ሰው አማልክት የሚኖሩበትን ቤተ መንግሥት ለማሰብ ቤጂንግ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም።

ቀበሮዋስ? ቀበሮዋ የታንግ ቺ ፈጠራ አይደለችም። ቺንግቺዩ በሚባል አገር ስለሚኖር ባለዘጠኝ ጭራ ቀበሮ የሚናገረው “የተራሮችና የባሕሮች መጽሐፍ” የተባለው ከሁለት ሺህ ዓመት ወዲያ የተጻፈ የቻይናውያን ጥንታዊ መጽሐፍ ነው። ደራሲዋ የአያቶቿን ቀበሮ ከመጽሐፉ አውጥታ ፍቅርና እንባ ሰጠቻት፤ ቀበሮዋም ሮቤ ድረስ መጣች። በገዛ አገራቸውም ቢሆን እንዲህ ያለው ሥራ ሁልጊዜ ሲመረቅ አልኖረም። እ.ኤ.አ. በ2011 የቻይና የብሮድካስት ባለሥልጣናት ሰው ወደ ጥንት ዘመን የሚጓዝባቸውን ድራማዎች ታሪክን ያቃልላሉ ብለው ነቅፈው ነበር። የባህል ዘበኛ እዚያም አለ ማለት ነው። ደራሲዎቹ ግን ከጥንት መጽሐፎቻቸው መቅዳታቸውን አላቆሙም።

እኛስ? እኛ ዘንድ ቀበሮው በአፈ ታሪክ ሳይሆን በሥጋና በአጥንት አለ። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ በሰነቴ አምባ ላይ ያልፋል፤ ከአጠገቡ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ቆሟል። በዚያ ጭጋግ ውስጥ የሚንጎራደደው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ከቀሩት 500 የማይሞሉ አዋቂ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ነው ያሉት። የአገሬው ሰው “ጄዳላ ፈርዳ”፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት፣ ብሎ ይጠራዋል። ቀን ለየብቻው ፍልፈል ሲያድን ይውላል፤ ማታ ከወገኑ ጋር ተጠጋግቶ ያድራል። በመንጋው የምትወልደው ብዙ ጊዜ አንዲቱ እመቤት ስትሆን፣ ሌሎቹ ያልወለዱትን ቡችላ በመመገብና በመጠበቅ ያግዛሉ። ከሰው ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ በተነሣ ቁጥር ግን በጅምላ ያልቃል።

ፍቅር፣ ብቸኝነት፣ የሌላን ልጅ ማሳደግ፣ ከጎረቤት የሚመጣ ሞት፤ አንድ ደራሲ ከዚህ በላይ ምን ይለምናል? እኛ ግን ቀይ ቀበሮውን በቱሪስት መጽሔት ላይ አስቀምጠነዋል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ደስ አለን፣ ፎቶግራፉን ተቀባበልን፤ አበቃ። ሮቤና ጎባ ያለ ልጅ ስለ ቺንግቺዩ ቀበሮ የሚያውቀውን ያህል ስለ ሰነቴው ቀበሮ የሚነግረው ልብ ወለድ የት አለ?

ስለዚህ ክሱን ወደ ከሳሾቹ እመልሰዋለሁ። የቻይና ድራማ ከእኛ የወሰደው ነገር የለም። ባዶ ቦታ አገኘ፤ ገባ። ቦታውን ባዶ ያደረግነው እኛ ነን፤ ያውም ተረት ለልጅ ነው፣ ተአምር ለደብተራ ነው፣ ፍቅር ለሴት ነው እያልን፣ ቁም ነገር የምንለውን አንድ ነገር ብቻ ደጋግመን እያኘክን። ባህል ጠባቂ ነኝ የሚል ሰው የሰው ቴሌቪዥን ከማጥፋቱ በፊት እስኪ የድሬ ሼክ ሁሴንን መንገደኛ ይጻፍ፤ የሶፍ ዑመርን ጨለማ ይጻፍ፤ የሰነቴዋን እመቤት ቀበሮ ይጻፍ። የውጩን ተከታታይ ድራማ አሳንሶ የሚያሳይ ሌላ መንገድ የለም።

እስከዚያው ድረስ የእህቴ ልጅ ሌላ ድራማ በፍላሽ ጭናለች። አሰልቺ ከሆነ አጠፋዋለሁ። ደኅና ከሆነ ግን እስከ መጨረሻው ክፍል አያለሁ፤ ፈቃድም አልጠይቅም።