ከባለቤቱ በላይ የሚያውቁ ስክሪፕቶች

የሰርቨር አስተዳደር ሥራ ዛሬ በአብዛኛው ያለ ሰው እጅ ይከናወናል። መጠባበቂያ ቅጂ የሚያስቀምጠው፣ ዲስክ የሚያጸዳው፣ የደኅንነት ፍተሻ የሚያደርገው ሌሊት ሁላችንም ተኝተን ሳለ በራሱ የሚነሣ አጭር ስክሪፕት ነው። ይህ ስክሪፕት ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ሰርቨሩ እንዴት እንደተዋቀረ ማወቅ ይኖርበታል። የመረጃ ቋቱ የት ተቀምጧል? ስሪቱ ስንት ነው? በይለፍ ቃል መግባት ተፈቅዷል ወይስ ተከልክሏል? በእኔ እምነት ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ መስጠት ያለበት ሰርቨሩ ራሱ ነው። አበው «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላሉ፤ በየኮምፒውተሩ ላይ ግን ከባለቤቱ በላይ አውቃለሁ የሚሉ ስክሪፕቶች ሞልተዋል።

የተለመደው አሠራር የማዋቀሪያውን ፋይል ከፍቶ የሚፈለገውን ቃል በ«ግሬፕ» መፈለግ ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም ትክክለኛ መልስ ይሰጣል። የሚያዘናጋንም ይኸው ነው። ከርቀት ወደ ሰርቨር ለመግባት የሚያገለግለውን ኦፕንኤስኤስኤችን እንመልከት። ይህ ፕሮግራም አንድ ቅንብር ሁለት ጊዜ ተጽፎ ቢያገኝ የሚቀበለው መጀመሪያ ያነበበውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው 8.2 ስሪት ደግሞ ከዋናው ፋይል በተጨማሪ ሌሎች ፋይሎችን አስገብቶ እንዲያነብ አስችሎታል። በቅርብ ዓመታት የኡቡንቱ ስሪቶች ዋናው ፋይል ገና ከመጀመሪያው በሌላ ፎልደር ያሉ ፋይሎች እንዲነበቡ ያዛል። ሰርቨሩ በኪራይ የተገኘ ከሆነ በዚያ ፎልደር ውስጥ በይለፍ ቃል መግባትን የሚፈቅድ ትንሽ ፋይል ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

አስተዳዳሪው ይህን ሳያስተውል በዋናው ፋይል ላይ «አይፈቀድም» ብሎ ይጽፋል። የፍተሻ ስክሪፕቱም ያንኑ መስመር አንብቦ በሩ መዘጋቱን ያበሥራል። በሩ ግን ክፍት ነው። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» እንዳለችው፣ ስክሪፕቱ ስለ ሰርቨሩ ተጠይቆ ስለ ፋይሉ መለሰ። ትክክለኛው መንገድ ሩቅ አልነበረም፤ «ኤስኤስኤችዲ» የሚባለው ፕሮግራም በሰረዝና በትልቁ «ቲ» ፊደል ሲጠራ ፋይሎቹን ሁሉ ራሱ አንብቦ የጸናውን ቅንብር መስመር በመስመር ይዘረዝራል።

ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋትም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በዋናው የማዋቀሪያ ፋይል የተጻፈውን፣ በትእዛዝ የተቀየሩ ቅንብሮች የሚቀመጡበት ሌላ ፋይል ይሽረዋል። ከዚህም በላይ አንዳንድ ቅንብሮች ፋይሉ ላይ ቢለወጡም ሰርቨሩ ጠፍቶ እስኪነሣ ድረስ አይሠሩም። ስለዚህ ፋይሉን ያነበበ ስክሪፕት ነገ የሚሆነውን እንደ ዛሬ አድርጎ ሊናገር ይችላል። «ሾው» በሚለው ትእዛዝ የጠየቀ ግን አሁን በሥራ ላይ ያለውን ዋጋ ያገኛል።

የግምት ዋጋ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ጊትላብ የተሰኘው የፕሮግራም ማስቀመጫ ድርጅት ለዓለም በግልጽ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ መሐንዲስ በስሕተት ከዋናው የመረጃ ቋት 300 ጊጋባይት ገደማ መረጃ አጠፋ። መጠባበቂያ ቅጂ ሲፈለግ በየዕለቱ ቅጂ ሊቀመጥበት የሚገባው ቦታ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም ቅጂውን የሚያዘጋጀው መሣሪያ የመረጃ ቋቱን ስሪት የሚለየው በአቅራቢያው ያለን ፎልደር በማየት ነበር። መሣሪያው በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ ያ ፎልደር ስላልነበረ 9.2 ነው ብሎ ገመተ፤ ሰርቨሩ ግን 9.6 ነበር። የቅጂው ፕሮግራም ልዩነቱን ሲያይ ሥራውን አቋረጠ። ይህን የሚያሳውቁት ኢሜይሎችም ተቀባዩ ዘንድ ሳይደርሱ ውድቅ ይደረጉ ነበር። ድርጅቱን ያዳነው ከአደጋው ስድስት ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ለሌላ ዓላማ የተወሰደ ቅጂ ነው። ለሰርቨሩ አንዲት የጥያቄ መስመር ብትላክ ኖሮ ስሪቱ ያለ ግምት ይታወቅ ነበር።

መጠየቅ ብቻውን ግን አይበቃም፤ መልሱንም መመርመር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 የስቲም ጨዋታ መድረክ የሊኑክስ ስክሪፕት ፕሮግራሙ የሚገኝበትን ፎልደር ለማወቅ ሞክሮ ባዶ መልስ ሲያገኝ፣ «በዚህ ፎልደር ውስጥ ያለውን አጥፋ» የሚለው መስመር «በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፋ» ወደሚል ተለወጠ። የተጠቃሚ ፋይሎችም ጠፉ። የሚገርመው፣ ከመስመሩ አጠገብ ፕሮግራመሩ ራሱ «ያስፈራል!» የሚል ማስታወሻ ጽፎ ነበር። ፍርሃቱን ከመጻፍ ይልቅ መልሱ ባዶ ከሆነ ስክሪፕቱ እንዲቆም ማዘዝ ይሻል ነበር።

በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ ባለሙያዎች አሉ። ፋይሉ ታሪኩ ተመዝግቦ፣ በባልደረቦች ታይቶ የጸደቀ ሰነድ ስለሆነ የእውነት ምንጭ እርሱ ነው ይላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው። ሆኖም ፋይሉ የሚነግረን ያሰብነውን ነው፤ የሆነውን የሚነግረን ሰርቨሩ ነው። ሁለቱን አነጻጽሮ ልዩነታቸውን የሚያጋልጥ ስክሪፕት ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ጠያቂው የሚጠይቀውን ማወቅ እንዳለበትም አልክድም። ከላይ የጠቀስነው የኤስኤስኤችዲ ትእዛዝ ፋይሎቹን አሁን እንዳሉ ያነባል እንጂ ቀድሞ ተነሥቶ የሚሠራውን ፕሮግራም አይጠይቅም። ስለዚህ ከለውጥ በኋላ አገልግሎቱን እንደገና ማስነሣት ግድ ነው።

ጉዳዩ የታላላቅ ድርጅቶች ብቻ አይደለም። በአሜሪካም በአውሮፓም የቤተ ክርስቲያንን፣ የመስጊድን ወይም የዕድርን ድረ ገጽና የአባላት መዝገብ ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ በነጻ የሚያስተዳድሩ ወገኖች አሉን። የሚተማመኑት አንድ ሰው ከዓመታት በፊት ጽፎት በሄደው ስክሪፕት ላይ ሊሆን ይችላል። የሟች ቤተሰብ የሚረዳበት መዝገብ በዚያ ስክሪፕት ግምት ላይ ሊንጠለጠል አይገባም። እነዚህን ወገኖች የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ስክሪፕቱ ቅንብሩን ከማን እንደሚጠይቅ ይመልከቱ፤ መልስ ሲያጣ መቆሙን ያረጋግጡ፤ የተቀመጠውንም ቅጂ ዛሬውኑ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ይሞክሩት።