አኮፋዳና ሻንጣ

ቅኔ ሊቈጥር ወደ ዋሸራ፣ ድጓ ሊያስመሰክር ወደ ቤተ ልሔም፣ አቋቋም ሊያጠና ወደ ጎንደር በእግሩ ይሻገር የነበረው የቆሎ ተማሪ ጓዙ ምን ያህል እንደ ነበረ ለሚያስታውስ ሰው፣ ዛሬ በቦሌ አውሮፕላን ጣቢያ ደጃፍ በጋሪ የተከመረ ሻንጣ እየገፋ ላብ የሚያጠምቀው መንገደኛ ሳያሳዝነው አይቀርም። ያ ደቀ መዝሙር ደበሎውን ደርቦ፣ ቁራሹን የሚይዝበትን አኮፋዳ በትከሻው አንግቶ፣ ውሻ የሚከላከልበትን በትር ጨብጦ ይጓዝ ነበር፤ ዋናውን ሀብቱን ግን በቃሉ አጥንቶ በልቡናው ስላኖረው፣ ሚዛን አያከብደውም፣ ሌባም አያገኘውም ነበር።

ይህን አሳብ ያሳደረብኝ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጄን ልጠይቅ ወደ ዋሽንግተን ስሄድ፣ የእጅ ሻንጣዬ 12 ኪሎ መዝኖ ስለ ተገኘ ከአውሮፕላኑ በር ላይ ተወስዶ ከሌላው ዕቃ ጋር ተጫነ፤ ሁለት ቀንም ዘግይቶ ደረሰ። የደም ግፊት መድኃኒቴና መነጽሬ፣ ፈጽሞ ካልለበስኋቸው ሁለት ኮቶችና ካልተጫማሁት ጫማ ሥር ተቀብረው ነበርና፣ ደስታ ይዤለት እገባለሁ ወዳልሁት ቤት ጭንቀት ይዤ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ የተማርሁት የመጀመሪያው ነገር ሻንጣ ሲገዛ ባዶውን መመዘን እንደሚገባ ነው። የአገራችንን ጨምሮ ብዙ አየር መንገዶች በኢኮኖሚ ማዕረግ ለሚሄድ ሰው የሚፈቅዱት የእጅ ጓዝ 7 ኪሎ ስለ ሆነ፣ ባዶውን 3 ኪሎ የሚመዝን ሻንጣ የገዛ ሰው ገና አንድ ሸሚዝ ሳያጥፍ የድርሻውን እኩሌታ ሊጨርስ ጥቂት ይቀረዋል። መጠኑም በብዙዎቹ ዘንድ ቁመቱ 55፣ ወርዱ 40፣ ውፍረቱ 23 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጎማውና እጀታው በዚሁ ልክ ውስጥ ይቈጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካዊው በርናርድ ሳዶው የባለቤትነት መብት ያገኘበት ባለ ጎማ ሻንጣ ለወገባችን የዋለውን ውለታ አልክድም፤ ነገር ግን ጎማ በለሰለሰ ወለል ላይ ክብደትን ቢያስረሳም፣ ኮብልስቶንና ደረጃ ሲመጣ ያንኑ ክብደት መልሶ ለክንድ ያስረክባል። ስለዚህ ከቀላልና ከጠንካራ ሸራ የተሰፋ፣ ማንገቻው ሰፊ፣ ዚፑ የማይነክስ የትከሻ ሻንጣ እመርጣለሁ።

በውስጡም ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ መነጽር፣ አንድ ቅያሪ ልብስና ሹራብ ይበቃሉ። ፓወር ባንክ እሳት ቢያስነሳ ሰው በቶሎ እንዲደርስበት ከእጅ እንዳይለይ ታዟል፤ ፈሳሽም በብዙ ጣቢያዎች ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ ካልተያዘ አያልፍምና፣ የማር ማሰሮ በፍተሻው በር ላይ ከሚቀር አስቀድሞ በሚጫነው ሻንጣ ቢገባ ይሻላል።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ «ባዶ እጅን ወደ ዘመድ ቤት መግባት በእኛ ዘንድ ነውር አይደለምን?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ እውነት አለው። እናት ለቅማና አስፈጭታ የላከችው በርበሬና ሽሮ፣ ጎረቤት በአደራ የሰጠው ቆሎ፣ በስደት ላለ ልጅ ከምግብነት ያለፈ ትርጓሜ አላቸው። ጓዝን ማቅለል ማለትም ይህን ማስቀረት ማለት አይደለም፤ መንገደኛው የራሱን ትርፍ በቀነሰ መጠን የሌሎቹ አደራ ስፍራ ያገኛል።

ባለፈው ዓመት ወደዚያው ቤት ስመለስ በትከሻዬ ያነገትሁት 6 ኪሎ ብቻ ሲሆን፣ የሚያስፈልገኝም ሁሉ በእርሱ ውስጥ ነበር። 23 ኪሎ የተጫነበትን ትልቁን ሻንጣ ልጄ በሳሎኑ ወለል ላይ ስትከፍተው፣ የበርበሬው መዓዛ ቤቱን ሞላው፤ ከውስጡም አንድ ስንኳ የእኔ ልብስ አልወጣም።