በሰኔ የተቀባ በር

የጤና ኬላ በር፣ የትምህርት ቤት አጥር፣ የውኃ ታንከር የቆመበት ብረት፤ በርክክብ ቀን ሁሉም ያብረቀርቃል። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ፊርማ ይፈረማል። ጥቂት ክረምት ሲያልፍበት ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳና ዝገቱ ብቅ ይላል። ያኔ ጥፋቱ በሙሉ "የቆላ አየር" ላይ ይላከካል።

አየሩ ምንም አልበደለም። ከገንዳ ውኃ እስከ መተማ ዮሐንስ ያለው ቆላ ጠባዩን ደብቆ አያውቅም። በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል፤ በሰኔ ዝናቡ ይገባል። የበደለው የበጀት ካላንደር ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ሩጫው የሚጦፈውም በግንቦትና በሰኔ ነው፤ ብረት ለመቀባት በማይመቹት ወራት ማለት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እዚህ ግን የሚያፈሰው አንዱ፣ የሚለቅመው ሌላው ነው።

አንቲረስት ጌጥ አይደለም። ብረቱን ከላይኛው ቀለም ጋር የሚያያይዘው፣ ከእርጥበትም የሚጋርደው እሱ ነው። በግንቦት እኩለ ቀን በጋለ ላሜራ ላይ በኮምፕረሰር ሲረጭ ጠብታው ገና አየር ላይ ሳለ ይደርቃል። ብረቱ ላይ የሚያርፈው ዱቄት ነው፤ ሲዳሰስ ይሻክራል፣ አይይዝም። በሰኔ ደግሞ ብረቱ እርጥበት እንዳዘለ ይቀባና ውኃው ከቀለሙ ሥር ይታሸጋል። እንዲህ ያለው በር መዛገት የሚጀምረው ሪባኑ ሳይቆረጥ ነው።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ማንሳት፣ ቅባቱን በቲነር መጥረግ፣ ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ፀሐዩ ሳይከር በጥላ መርጨት፣ ከስንዝር ትንሽ አለፍ ብሎ በስሱ ደጋግሞ ማልበስ። ወሩም ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን። በሌላው ዓለም አውራ ጣት የምታህል የአሻንጉሊት ወታደር ለመዝናኛ የሚቀቡ ሰዎች እንኳ የመጀመሪያውን ቀለም ከመርጨታቸው በፊት የዕለቱን ሙቀትና እርጥበት ያያሉ። የሕዝብ ጤና ኬላ በር ከአሻንጉሊት ያንሳል?

"አገር በዚህ ሁኔታ ላይ ሆና የቀለም ወሬ?" የሚል አይጠፋም። ወሬው የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ በጦርነት ላይ ናት፤ ስደተኛው በመተማ በኩል ገብቷል፤ ያለው ጤና ኬላና የውኃ ቦኖ ለነዋሪውም ለእንግዳውም መብቃት አለበት። አንድን በር ሁለቴ ለመቀባት የሚበቃ ገንዘብ የለም።

ቀቢውን መውቀስ ቀላል ነው። "ለነገ አድርስ" የተባለ የቀን ሠራተኛ ግን አየር አይመርጥም። አየር መምረጥ ያለበት ውሉ ነው። አንቲረስቱ ራሱን የቻለ የክፍያ ዝርዝር ይኑረው፤ ተቆጣጣሪው የላይኛው ቀለም ሳይደረብ አይቶ ይፈርምበት፤ የቀለም ሥራ በበጋው አጋማሽ ይታቀድ። እስከዚያው ነዋሪው በርክክብ ቀን ከጭብጨባው በፊት ይጠይቅ፦ አንቲረስቱ መቼ ተቀባ? ማንስ አየው?